የመጀመሪያው ክፍል

ድራማው ሊጀምር ሲል እናቷ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ዛሬ ግን ልጃቸው የምትተውንበትን የመጀመሪያ ክፍል ለመስማት ነጠላቸውን ቀይረው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል።

«እማማ፣ ከዛሬ በኋላ ልጅዎን በቀጠሮ ነው የሚያገኟት!» አለች የልጅቷ ጓደኛ ረድኤት፣ አጠገቧ ተቀምጣ። ለትወና ፈተናው እዚሁ ሳሎን ውስጥ ያለማመደቻት፣ በድራማው ውስጥ የባልየውን ቃል በወፍራም ድምፅ እያነበበች ያሳቀቻት እሷ ናት። ከቀረጻው በኋላ ዳይሬክተሩ «ስቱዲዮ ገብተሽ ድምፅሽን እንደገና ትቀጃለሽ፤ እንደውልልሻለን» ብሏት ነበር። ስልኩ ሲዘገይባት፣ እዚያው ስቱዲዮ የምትሠራው ረድኤት «አንቺ ደግሞ መጨነቅ ትወጃለሽ! የመጀመሪያው ድምፅ ይበቃል ተብሏል» ብላ አረጋግታታለች።

የልጅቷ ፊት ቴሌቪዥኑን ሞላው። ጎረቤቶቹ እልል አሉ፤ አፏን ከፍታ መናገር ስትጀምር ደግሞ እርስ በርስ ተያዩ።

እሷ ቀስ ብላ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ረድኤት ፈንዲሻውን ማኘክ አቁማ መሬት መሬት ታያለች።

እናቷ ጆሯቸውን አዘንብለው ጥቂት ጠበቁና የልጃቸውን ጉልበት ነካ አደረጉ።

«አንቺ መቼ ነው የምትወጪው፣ ልጄ? እስካሁን ረድኤት ብቻ ናት የምታወራው።»