ቀስቷን የናቅኩ ዕለት

በዚህ ወሬ አንዲት ቃል ዋሽቼ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ፍኖተ ሰላም፣ ሲሳይነሽ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ተጨናንቆ ሲያየኝ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት መኪናህን በአስፋልቱ ንዳ አለችኝ።

«አያ ዳኘው፣ ቀስቷን ይከተሉ!» አለ መምህር ባምላኩ። «መንገዱ የተሠራው ለዚህ ነው። ከጠፉ እዚህ ቤት ያለችዎትን የፊት ወንበር ለእኔ ይለቃሉ።»

«በቀስት የምነዳ በሬ መሰልኩህ? ጨዋታ ማለት ልብህ ወዳሻው መሄድ ነው!» አልኩና የጨዋታው ሠሪዎች እንኳ ያላሰቡትን ተራራ በገደሉ ወጥቼ ጫፉ ላይ ቆምኩ። መምህሩ አንገቱን ደፋ፤ ወንበሬም የእኔው ሆና ቀረች።

ይህን ስተርክ የሰማችው የቤቱ ባለቤት ሲሳይነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ዳኘው፣ ያን ቀን እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን» አለች። «ቀስቷም ከመጀመሪያው የምታሳየው ወደ ተራራው ነበር።»