ሶፋው ላይ የሚያጎነብሰው ክሬን

አፌን ምን ከፈተው?

የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ነው የማጸዳው። ሴት ልጄ ስድስት ወሯ ነው። የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ ጠዋት ጠዋት ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ ከመድረኩ ሶፋ ጀርባ እደብቃታለሁ። ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከተያዝኩ እባረራለሁ፤ ከተባረርኩ የሁለታችንም ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው።

ባለፈው ወር ክሬን የሚሉት ነገር መጣ። ረጅም የብረት ክንድ ነው። ከኋላው ብረት ተጭኖበታል፤ ከፊቱ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ካሜራ አለው። ማንም በእጁ አይነካውም። መነጽራሙ የምንለው ባለሙያ መስታወት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ በሪሞት ያዘዋል።

ክንዱ በየጠዋቱ ከበሩ ይነሳል። ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ፕላስተር ተከትሎ ይመጣና ልክ ሶፋው ጋ ሲደርስ ያጎነብሳል። ልጄን አይቶ ይመለሳል። ደግሞ ይመጣል።

ከእኔ ወዲያ ብልጥ የለምና ዘዴ ፈጠርኩ። ሲመጣ መጥረጊያዬን ይዤ ፊቱ እደነቀራለሁ። ፈገግ እልለታለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት።

መነጽራሙ ብቅ አለና "እህቴ፣ ወገብሽን አመመሽ እንዴ?" አለኝ።

ሲያሾፍብኝ ነው አልኩ። መስታወት ክፍሉ ውስጥ ፊቱ ያለው ስክሪን ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ እኔ እንዳላይ አጥፍቶት ነው አልኩ።

አርብ ዕለት ኃላፊያችን መነጽራሙ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። አንገታቸውን ወደ ሶፋው አሰገጉ። በቃ፣ ነገረብኝ። ሳልጠራ ሄድኩ።

"ጥፋቴን አውቃለሁ" አልኳቸው። "የሚይዛት አጥቼ ነው። ስታለቅስ ሰምተዋት አያውቁም። እሱ ግን ወር ሙሉ ሲቀርጻት ከረመ።"

"ማንን ነው የቀረጸው?" አሉ።

"ልጄን ነዋ። ከሶፋው ጀርባ ያለችውን።"

መነጽራሙ መነጽሩን አወለቀ። "እህቴ፣ ካሜራው እኮ ገና አልመጣም። ለልምምድ ብዬ ክብደቱን የሚያክል ብረት ነው የጠቀለልኩበት።"

ኃላፊያችን ሳይስቁም ሳይቆጡም "ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ" ብለውኝ ሄዱ። ልጄን ይዤ ብገባ ደንቡን ዓይናቸው እያየ መጣሴ ነው፤ ትቻት እንዳልገባ የሚይዛት የለኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።