ለራሴ አላዳላም

የባንዱ መሪ አርባ ዓመት ሙሉ ቴነር ሳክስፎን ነፍቷል። አሁን ከአሥራ ሰባት ተጫዋቾች ጋር የጃዝ አልበሙን እየቀረጸ ሳለ፣ ብቻውን የሚነፋው ሶሎ ላይ ሲደርስ፣ «ሶሎውን ይርዳው ቢነፋው ይሻል ነበር» የሚል ሹክሹክታ ጆሮው ገባ። ይርዳው ሃያ ዓመት ከጎኑ ተቀምጦ ሁለተኛውን ቴነር የሚነፋ ዝምተኛ ሰው ነው። የመሪው ደም ፈላ።

«ሁለታችንም እንንፋው» አለ። «ከዚያ የቱ የማን እንደሆነ ሳትነግሩኝ አሰሙኝ። እኔ ለራሴ አላዳላም።»

በየተራ ነፉ። ድምፅ ቀራጩ ቅደም ተከተሉን ቀያይሮ ከፈተለት። መሪው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ የመጀመሪያው ገና ሳይጋመስ ከንፈሩን መጠጠ።

«ምስኪን! ትንፋሽ እኮ አጠረው።»

ሁለተኛውን ሲሰማ ግን ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። «ቴነር ማለት ይሄ ነው! ያኛውን አጥፋው።»

«ጋሼ፣ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።»

«አጥፋው አልኩህ!»

ጠፋ። መሪው ተነስቶ የይርዳውን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ። «አይዞህ፣ አንተም ትደርስበታለህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ይርዳው።

ድምፅ ቀራጩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ሽፋኑ ላይ የሶሎው ተጫዋች ይርዳው ተብሎ ይጻፍ?»

ተጫዋቾቹ ሁሉ አቀርቅረው መሣሪያቸውን ይወለውሉ ጀመር።