ስም የሌለው ክፍል

ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ መጨረስ ነበረበት። ከሥራ ከተባረረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል፤ እሷ አሁንም ቢሮ የሚውል ይመስላታል። የሥራ ማመልከቻዎቹን የሚደብቅበት ቢያጣ፣ በእሷው ላፕቶፕ ላይ እሷ የማታየው ሁለተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊጭን ቆረጠ።

«ዲስኩ ላይ ትርፍ ቦታ አለ?» አለው ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛው ቶላ በስልክ።

«አንድ ስም የሌለው ክፍል አለ። ባዶ ሳይሆን አይቀርም።»

«በቃ፣ እሱን አጥፋና እዚያው ላይ ጫን።»

አጠፋው። ጭነቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ ስክሪኑም አብሮ ድርግም አለ። መብራቱ ሲመጣ ቢከፍተው፣ ቢዘጋው፣ እንደ ሰው ቢለማመጠው፣ ከጥቁር ስክሪን በቀር ምንም የለም። ሚስቱ ነገ የምታቀርበው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። «እመቤቴ፣ የዛሬን ብቻ አውጪኝ!» እያለ ቁልፎቹን ይደበድብ ጀመር።

በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ፊቱን አይታ ደነገጠች።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት አቃተው። «ላፕቶፕሽን አበላሸሁት። ሌላ ሲስተም ልጭንበት ብዬ… አልነሣ አለኝ። ጽሑፍሽ…»

ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ። ስለ ጽሑፏ አልጠየቀችም።

«ያንን ስም የሌለውን ክፍል ነክተኸዋል?» አለችው።