የረሃብ ሣር

ባለፈው እሑድ፣ ለረሃቡ ዘመን ሙታን ተጸልዮ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ማላኪን በአደባባይ የሰደበው፣ ቅድመ አያቶቹ በረሃቡ ከዚሁ መንደር የተሰደዱበት፣ ከቦስተን የመጣው ብሬንዳን ነበር። «የኛዎቹ ባዶ ሆዳቸውን መርከብ ተሳፈሩ፤ የናንተዎቹ መሬታችንን ውጠው ቀሩ» ሲል መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ማላኪ የሳቁትን አንድ በአንድ በልቡ ይዟቸዋል።

ዛሬ ያው ሰው የቅድመ አያቶቼን ቤት አሳየኝ ብሎ ስለ መጣ፣ ማላኪ ወደ ኮረብታው ይዞት ወጣ። ከፍርስራሹ ደጃፍ፣ በዚያ ዘመን የተራቡት ወድቀው የቀሩበት ሣር አለ። ያገሬው ሰው ዳቦ ሳይዝ አይረግጠውም፤ የረገጠ በሙታኑ ረሃብ ይያዛል። ማላኪ ከኪሱ ቁራሽ ዳቦ አውጥቶ ዘረጋለት።

«ተወው ጋሼ፣ ቁርሴን በልቼ ጥግብ ብዬ ነው የወጣሁት» አለና ብሬንዳን እየሳቀ ገባበት።

ብዙም ሳይራመድ ሣሩ ላይ ወደቀ። ጉንጩ ሰረጎደ፤ ከንፈሩ ሣር እንደ ጋጠ ሰው አረንጓዴ ሆነ። ከዚያም አንዲት ቃል እንኳ በማያውቅበት በጥንቱ ያገር ቋንቋ፣ በሴት ድምፅ፣ «ፌስቲ፣ ጎረቤቴ፣ ዛሬም በሩን ትዘጋብኛለህ?» አለ።

ፌስቲ ይህን መሬት ለነማላኪ ያወረሰው ቅድመ አያታቸው ነበር።

ማላኪ ቁራሹን እንደ ጨበጠ ቆመ። ጥሎት ሊሄድ አሰበ። ኋላ ግን ጎንበስ ብሎ አጎረሰው። ሰውየው አላመጠ፣ ዋጠ፣ ፊቱ ላይም ደም ተመለሰ።

«ምን ሆኜ ነው? የሆነ ነገር ተናገርኩ እንዴ?»

ማላኪ ከእጁ ፍርፋሪውን አራገፈና ቁልቁለቱን ወረደ።