ቀይ ነጥብ ያላት ቢራቢሮ

ጉድጓዳችን ሲመረዝ የምትነግረን ቢራቢሮ ነበረች። አባጨጓሬዋ ውሃው ዳር የሚበቅል ቅጠል እየበላች ታድጋለች፤ ውሃው መርዝ ካለው፣ ቢራቢሮ ስትሆን ክንፏ ላይ ቀይ ነጥብ ይወጣል። ወፎች ቀይዋን ስለማይነኩ ግን፣ መርዝ ሳይነካቸው ቀይ ነጥብ ይዘው የሚወለዱ ሌሎች ቢራቢሮዎችም ከወፍ እየተረፉ በዙ። ባሌ ጌጡ አንዷን አይቶ «ይቺማ አስመሳይ ናት» ብሎ እየሳቀ ከጉድጓዱ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ለአርባው ተዝካር ጠላ ልንጠምቅ ስንል እህቱ ይመናሹ ከዚያው ጉድጓድ ቀዳች። ቀይ ነጥብ ያላት ቢራቢሮ መጥታ እንስራው አፍ ላይ አረፈች።

«ይመኑ፣ ድፊው» አልኳት።

«ጉድጓዱ ጸድቷል ተብሏል እኮ! ቢራቢሮ ፈርተሽ የወንድሜን ተዝካር ያለ ጠላ ልታደርጊው ነው?»

«ወንድምሽም እንዲሁ ነበር የናቃት።»

«እንግዲያው እዪኝ!» ብላ በጣሳ ጨልፋ ወደ አፏ አስጠጋች። እጇን መታሁት። ጣሳው ወደቀ፤ እንስራውንም በእግሬ ገፍቼ ሰበርኩት።

ተዝካሩ ያለ ጠላ አለፈ፤ ዘመድ ሁሉ ንፉግ አለኝ። ቢራቢሮዋ እውነተኛ ትሁን አስመሳይ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይመናሹ ካኮረፈችኝ ዓመት ሆናት። በየማለዳው በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ፤ በሕይወት አለች።