እምቢ ያለችው አረንጓዴ መኪና

አቶ አንሙት ካረፉ ወዲህ አረንጓዴዋ መኪና ደብረ ማርቆስ ካለው ግቢያቸው፣ ከቆርቆሮው ቤት ሳትወጣ ዘጠኝ ክረምት አለፈባት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፤ ድሮ አንድ እንግሊዛዊ መምህር አገሩ ሲገባ ነበር የሸጠላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ዲማ ጊዮርጊስን ለማንገሥ የሚሄዱት በእሷ ነበር፤ ነፋሱ እንዳይወስድባቸው ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

አሁን ልጃቸው መሳፍንት ገዥ አገኘላት። ሰውየው ቅዳሜ ከባሕር ዳር መጥቶ ጭኖ ይወስዳታል።

«ተው ልጄ፣ የአባትህ እጅ ያረፈባት ናት።»

«እማ፣ እስከ ቅዳሜ ከተነሳች አልሸጣትም። ካልተነሳች ግን እንዳትለምኚኝ።»

ወይዘሮ የብርጓል በማግስቱ ሱባኤ ገቡ። ንጋት ላይ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ወርደው ጠርሙሳቸውን ሞልተው ይመለሳሉ።

ሰኞ እንዳላማው የሚባል መካኒክ መጣ። ባትሪ ቀየረ፣ ካንዴላ ጠረገ፣ ጎረቤታቸው ጌቱ በጀሪካን ከሚሸጠው ቤንዚን ሞላ። መኪናዋ አጓራች። ወይዘሮ የብርጓል እልልታቸውን አቀለጡት። ወዲያው ግን ሳል ሳል አደረጋትና ጠፋች።

«አይስጉ እትየ፤ ሕመሟ ከሆዷ ነው» አለ እንዳላማው። «ነገ ትድናለች።»

ማክሰኞ ጭራሽ አልነሳ አለች። እንዳላማው ከታንከሯ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሳው። ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች ተኝቷል።

መሳፍንት አጥሩን ዘሎ ሊሄድ ምንም አልቀረው። «ጌቱ! ውሃ ነው እንዴ የምትሸጥልን?»

«ማርቆስን! ጠብታ አልጨመርኩም!»

«አምና መኪናዋን በርካሽ ካልሸጣችሁልኝ ብለህ ስትለምን አልነበር? ተስፋ ቆርጠን እንድንጥልልህ ነው!»

ታንከሯ ተራግፎ ረቡዕ ከማደያ ተቀዳ። ሐሙስ ደግሞ ያው ውሃ።

«በአጥር እየገባ ነው» አለ መሳፍንት፤ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የለውም።

እናቱ ጠርሙሱን አቀረቡለት። «እንካ፣ ሦስቴ ጎንጨት በል።»

«ተይኝ እማ፣ አሁን ውሃ አላሰኘኝም።»

«ጠበል ውሃ ይባላል እንዴ? ማረኝ በል!»

አማትቦ ተጎነጨ። ራስ ምታቱም ተወው፤ ንዴቱ ግን አልተወውም።

አርብ እንዳላማው ታንከሯን አውልቆ አጠበ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ መልሶ ገጥሞ አዲስ ቤንዚን ሞላው። ካርቡሬተሯንም ፈትቶ ገጠመ። «ነገ በአንድ ቁልፍ ካልተነሳች ሙያዬን እተዋለሁ!»

መሳፍንት የቆርቆሮውን ቤት ቆልፎ ቁልፉን ለእናቱ ሰጠ። «ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ለማን እሰጣለሁ ልጄ?» አሉ ቁልፉን ከመቀነታቸው እየቋጠሩ። ከአጥሩ ማዶ ጌቱ ሲያስል ተሰማ። «አዬ ጌቱ! የሙት ሰው ንብረት ላይ ውሃ የሚጨምር ምን ዓይነት አንጀት ነው? ልብ ይስጠው እንጂ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ የብርጓል ጠርሙሳቸውን ይዘው ከኪዳነ ምሕረት ተመለሱ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ገቡ፤ እንደ ሰሞኑ የታንከሯን ክዳን ከፍተው አማተቡ፤ ዛሬስ የመጨረሻ ቀኗ ነው ብለውም፣ ሳይቆጥቡ፣ ጠርሙሱን ሙሉውን አጠጧት።